የቃሲም ክብደት

በዚያ ዓመት ሁሉም ነገር ቃሲም ላይ ሰፋ። ጫማው ሰፋ፤ ሲራመድ ተረከዙን እየለቀቀ ቸብ ቸብ ይል ጀመር። የብር ቀለበቱ ውዱእ ሲያደርግ ከጣቱ ሾለከ። ሰዓቱ ከእጅ አንጓው ተነሥቶ እስከ ክርኑ ይንሸራተታል። አልጋው እንኳ፣ ሚስቱ ሩቂያ ከሞተች ወዲህ ሰፊ የነበረው አልጋ፣ ጭራሽ ሜዳ ሆነበት። ሱሪው ብቻ አልሰፋበትም። ሱሪው እንደ ድሮው ወገቡ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ ሸሚዙም ትከሻው ላይ እንደ ድሮው ነው። መጀመሪያ ላይ ይሄ አጽናናው። ጫማው አርጅቶ ነው፣ ቀለበቱም ተበልቶ ነው አለ። ኋላ ግን አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሱሪውን ወገብ ገልበጥ ቢያደርግ፣ ከአሮጌው ስፌት ገባ ብሎ አዲስ ስፌት አየ፤ ከእሱም ገባ ብሎ ሌላ። ልጁ ኑርሃን ሸዋሮቢት ገበያ ዳር ልብስ ትሰፋለች። እስከ ጀውሃ ድረስ እየመጣች ልብሱን ወስዳ አጥባ የምትመልስለት እሷ ናት። ቃሲም የሱሪውን ወገብ መልሶ ገለበጠ። እሷም አልነገረችው፣ እሱም አልጠየቃት።

ቃሲም ጉልበቱን የጨረሰው ጀውሃ ላይ እህል በመጫን ነው። ማሾና ማሽላ ከመጋዘን እያወጣ፣ ኩንታሉን ማጅራቱ ላይ አሳርፎ፣ በሳንቃ ሽቅብ ወደ መኪና ይወጣ ነበር። «ቃሲም ሲሸከም የሚያቃስተው መኪናው ነው» ይሉት ነበር ሾፌሮቹ። አንድ ጊዜ ጓደኞቹ ለጨዋታ ብለው የእህል ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው መዘኑት፤ ሰባ ሁለት ኪሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለራሱ የተነገረው ሌላ ቁጥር የለም። አሁን ወገቡ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሎት፣ ግራ እግሩም እየደነዘዘ ሲሄድ፣ ኑርሃን ሸዋሮቢት ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። እዚያ ነርሷ ሚዛን ላይ አቁማው ቁጥሩን ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ከኋላው የቆመችው ኑርሃን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ቃሲም ይህን በመስኮቱ መስታወት ውስጥ አየ። ነርሷ አፏን ዘጋች። ሐኪሙም ወገቡን ዳብሶ ዳብሶ፣ ደብረ ብርሃን ወጥተው ኤምአርአይ የሚባለውን ምርመራ እንዲያደርጉ ነገራቸው።

መንገዱ ክፍት ነው በተባለበት በአንድ የኅዳር ማለዳ አባትና ልጅ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ኑርሃን መስኮቱን ዘጋችለት፤ ሞቀው ብላ መልሳ ከፈተችለት፤ ደብረ ሲናን አልፈው ሽቅብ መጠምዘዝ ሲጀምሩ ደግሞ ዘጋችው። ካፖርት አልብሳዋለች፣ በላዩ ላይ ጋቢ ደርባለታለች። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ሲገቡ ሾፌሩ መብራት አበራ፣ የሰዎቹ ሁሉ ፊት ቢጫ ሆነ። ቃሲም በጨለማው መስታወት ላይ አንድ አፍንጫው የሾለ፣ ጉንጩ የጎደጎደ ሽማግሌ ሲመለከተው አየና ሰላም ሊለው ምንም አልቀረው። ዋሻው ሲያልቅ ሽማግሌው ጠፍቶ ጉም መጣ። ከጉሙ ወዲያ ያለው ደጋ ሁሉ በውርጭ ነጥቷል።

«ቀዘቀዘህ አባ?» አለችው ኑርሃን።

«ምንም አይል» አላት። ጥርሱ ሲንገጫገጭ እንዳትሰማበት ከንፈሩን ገጠመ።

ምርመራ ቤቱ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ መድኃኒት ቤት አለ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ የብረት ወንበሮቹ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛሉ። ከቃሲም ፊት ተራ የያዘችው ሙሉ የምትባል ግዙፍ ሴት ነበረች። ከንግግሯ የቀወት ሰው መሆኗን አወቀ፤ እሷም አወቀችው፤ ወዲያው ስለ ማሽላውና ስለ ግሪሳው ወፍ ማውራት ጀመረች፤ ቃሲምም ጀውሃ ዳር ትንሽ የማሽላ ማሳ አለው። ሄኖክ የሚባለው ባለሙያ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ወጣት፣ ከበሩ ብቅ ብሎ ስሟን ጠራና «እማማ፣ ኪሎዎት ስንት ነው? ሚዛናችን ተበላሽቷል፤ የሚያውቁትን ይንገሩኝ» አላት።

«ዘጠና አራት!» አለች ሙሉ። «የፈለገ ይስማ።»

ክፍሉ ሳቀ። ሄኖክም ፈገግ ብሎ ወደ ቃሲም ዞረ።

«አባቴስ? አንድ ላይ ልመዝግባችሁ።»

ቃሲም ኑርሃንን አያት። ኑርሃን የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ቁጥሩን እንደምታውቅ ያውቃል፤ ነርሷ የዋጠችው ቁጥር እሷ ዘንድ ነው ያለው። ትናገር ይሆን ብሎ ጠበቃት። አልተናገረችም። የልጅቱ አንገት ላይ ያለችው ሥር ስትዘል አየና አንጀቱን በላችው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ምን ብላ ትናገረው?

«ሰባ ሁለት» አለ ቃሲም።

ካፖርቱና ጋቢው ወፍራም ነው። ሄኖክ ላንዳፍታ አየው፣ ከኋላ የተኮለኮለውን ሰውም አየ፤ ጻፈና ገባ።

ሙሉ ከብዙ ቆይታ በኋላ ስትወጣ ግንባሯ በላብ ተጠምቋል። ነጠላዋን እያራገበች ከቃሲም አጠገብ ዘፍ አለች። «እሳት ነው፣ ወንድሜ! ጀርባዬን ሲለበልበኝ ጊዜ፣ ከበዛብሽ ጭመቂው ብለው የሰጡኝን ኳስ ጨመቅሁላቸው። አቁመው አናፈሱኝና መልሰው አስገቡኝ። ደግሜ ጨመቅሁ። ምን አገባኝ፣ እኔ ዳቦ አይደለሁ!» ከዚያ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «አንቱም እንዳያፍሩ። ቆላ ነው ያደግሁት፣ ሙቀት አልፈራም እንዳይሉ። ይጭመቁት» አለችው።

ቃሲም ሰዓቱንና ቀለበቱን ለኑርሃን ሰጥቶ ሰማያዊ ጋዋን ለብሶ ሲገባ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ክፍሉ መሐል አንድ ትልቅ ነጭ ቀለበት ቆሟል፤ መሐሉ የጉድጓድ አፍ ይመስላል። ብርድ ልብስ እንዲያለብሱት ለመነ። ሄኖክ ሁለት ብርድ ልብስ ደረበለት፤ ጆሮውን በጥጥ ደፈነለት፤ የላስቲክ ኳሷን በግራ እጁ አስያዘው።

«እጅዎት ከጎንና ከጎን ይሁን፣ አባቴ። አይነካኩ፤ እግርዎትንም አያጣምሩ። ትንሽ ሞቅ ይልዎታል፣ ከበዛ ይጭመቁ።»

«እሺ ልጄ» አለ ቃሲም። ሞቅ ይልዎታል የሚለውን ብቻ ነው አጥብቆ የሰማው።

አልጋው ተንሸራቶ ወደ ጉድጓዱ አስገባው። መጀመሪያ ዝምታ ነበር። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፤ መዶሻ በቆርቆሮ ላይ፣ ቀጥሎ እንደ ወፍጮ፣ ቀጥሎ እንደ አሮጌ የጭነት መኪና ሞተር። ቃሲም መጀመሪያ ፈርቶ ጡንቻውን ሁሉ ቋጥሮ ነበር። ኋላ ግን ከጀርባው በኩል አንድ ነገር ቀስ እያለ ሲመጣበት ተሰማው። ሙቀት ነው። ከውጭ የሚመጣ አልነበረም፤ የእሳት ዳር ሙቀት አንዱን ጎን ሲያሞቅ ሌላውን ይተዋል፣ ይሄኛው ግን ከሥጋው ውስጥ እየፈለቀ፣ ደረቱን፣ ሆዱን፣ ያን የደነዘዘ እግሩን ሳይቀር እየሞላው መጣ። ከክረምቱ ወዲህ እንዲህ ሞቆት አያውቅም። ጀውሃ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ እንኳ ብርድ አጥንቱ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ቃሲም ዓይኑን ጨፈነ። ኳሷ ከእጁ መቼ እንደወደቀች አላወቀም።

ጀውሃ ነው። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። የጭነት መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል፣ ማጅራቱ ላይ አንድ ኩንታል ማሾ አለ። ሳንቃው እንደ ድሮው ከእግሩ ሥር ይረግባል። ሰውነቱ ሞልቷል፤ ክንዱ፣ ባቱ፣ ደረቱ ሁሉም ቦታው ተመልሷል። ሽቅብ ይወጣል፣ ሳንቃው ግን አያልቅም። በወጣ ቁጥር ጆንያው ይቀለዋል። ደስ አለው፣ ጉልበቴ ጨመረ አለ። ኋላ ግን ከበስተጀርባው አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ይሰማዋል፤ ማሾው ነው፣ ከተቀደደው ጆንያ እየፈሰሰ፣ አረንጓዴው ፍሬ በሳንቃው ቁልቁል እየተንከባለለ። ዞሮ ማየት አልፈለገም። ካላየሁት አይፈስም አለ በልቡ። ከታች የመኪና ሾፌሮቹ ቆመው ያዩታል፤ ሁሉም ማሾው ሲፈስ ያያሉ፤ አንዳቸውም «ቃሲም፣ ጆንያህ ተቀዷል» አይሉትም። ወጥቶ ወጥቶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ባዶውን ጆንያ አስቀመጠና፣ የዙሁር ሰዓት ስለነበር ለሰላት ቆመ። ቀኝ እጁን በግራው ላይ አድርጎ ደረቱ ላይ አሳረፈ።

ያኔ እጁ ተቃጠለ። ፀሐይ ላይ የዋለ የመቆፈሪያ ብረት እንደመያዝ ነበር፤ የአንዱ እጁ መዳፍ የሌላውን አንጓ በነካበት ቦታ ላይ፣ አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ። ሰላት አይቋረጥም ብሎ ጥርሱን ነከሰ። ነጥቧ እየጠነከረች መጣች። ልክ ሊጮኽ ሲል ድምፁ ቀጥ አለ፣ ፀሐዩም ጠፋ፣ አልጋው ወደኋላ ተንሸራተተ።

በላዩ ላይ የሄኖክ ፊት ነበር፤ ደም የሚባል አልቀረበትም። ብርድ ልብሱን ገፈፈና ደረቱ ላይ የተጣመሩትን እጆች ሲያይ «ወይ ጉድ» ብሎ አላቀቃቸው። በቀኝ መዳፉ ጠርዝና በግራ አንጓው ላይ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ ምስር የሚያካክሉ ሁለት ነጫጭ ውሃ ቋጠሮዎች ወጥተዋል። ሰውነቱ በላብ ርሷል። በሩ ላይ ኑርሃን ቆማለች። እንዳትገባ ተከልክላ፣ በሩ ላይ የተዘረጋውን ማገጃ ገመድ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ኪሎህን ነገርኳቸው አባ» አለች። «ሙሉ የምትባለዋ ሴትዮ ስለ ሙቀቱ ስታወራ ሰማሁ። ኪሎውን የሚጠይቁት ለምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ሙቀቱ በእሱ ልክ ነው አሉኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም።»

ሄኖክ ቃሲምን ደግፎ አስቀመጠው። ቁስሉን በቀዝቃዛ ውሃ አጥቦ ቅባት ቀባለት፣ እግሩንና ጀርባውንም ገልጦ አየ። ከዚያ ብቻ ነው የተናገረው። «ማሽኑ ዓይን የለውም፣ አባቴ። ከሳ ያለውን ሰው ከወፈረው አይለይም። የነገርነውን ኪሎ አምኖ ሙቀቱን በዚያ ልክ ነው የሚለቀው። ለሰባ ሁለት ኪሎ ሰው የሚፈቀደው ለእርስዎ ይበዛል። እጅና እጅ ሲነካካ ደግሞ እዚያች መነካኪያዋ ላይ ይጠራቀማል።» ዓይኑን ከቃሲም ዓይን አሸሸ። «ጋዋኑን ሲለብሱ አይቼዎት ነበር። ሰባ ሁለት አይሆኑም ብዬ አስቤ ነበር። ሰው ተሰልፎብኝ ነው ያለፍኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የለም» አለ ቃሲም። «ቁጥሩን የሰጠሁህ እኔ ነኝ።»

«ከሥር ያለው መድኃኒት ቤት ሚዛን አለው። አሁን በዓይኔ ሳላይ አላስገባዎትም።»

ደረጃውን ሲወርዱ ሄኖክ ቀድሞ ወረደ። ኑርሃን የአባቷን ክንድ ይዛለች። ክንዱ በእጇ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ገብቷል፤ ጣቶቿ ዞረው ይነካካሉ። ቃሲም መሐል ደረጃ ላይ ቆመ።

«ሱሪዬን አይቼዋለሁ» አላት።

ኑርሃን ደነገጠች። «መቼ?»

«በሐምሌ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ዝም ያልሽው እኔን ፈርተሽ ነው ብዬ። እኔ ደግሞ አንቺን ፈራሁ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ማታ ማታ ስፌቱን ስታስገቢ ምን እያልሽ እንደምታለቅሺ አስብ ነበር። ጠይቄሽ ብትነግሪኝስ?»

«አላለቅስም ነበር» አለች ኑርሃን። ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ሰዎች ወጡ፣ ወረዱ፣ «አይዞሽ» እያሉ በጎናቸው አለፉ። ቃሲም ያልተቃጠለውን እጁን አናቷ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ማንም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አላደረገም። ቃሲም ጎንበስ ብሎ ራሱ አነበበው። ቀዩ መርፌ ተወዛወዘ፣ ተወዛወዘና ሃምሳ አንድ ላይ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አየው። መድኃኒት ሻጯም፣ ሄኖክም፣ ኑርሃንም ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁታል።

«ግማሽ ኩንታል» አለ በመጨረሻ። «ከአንድ ኪሎ ምርቃት ጋር። ይህን ያህሉን ጎረምሳ ሆኜ በብብቴ ነበር የምይዘው።» ሳቅ ብሎ ወረደ። ሳቁ ከየት እንደመጣ ራሱም አላወቀም።

ሁለተኛው ጊዜ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ሄኖክ ማሽኑ ላይ ሃምሳ አንድ ብሎ ጻፈ፤ በክንዱና በጎኑ መሐል፣ በጭኑና በጭኑ መሐል የታጠፈ አንሶላ አኖረ፤ ኳሷን በቃሲም እጅ ላይ በጨርቅ አሰረለት፤ በየመሐሉም በድምፅ ማጉያው «ደህና ነዎት አባቴ?» እያለ ይጠይቀዋል። እየቆመ እየቀጠለ ስለሆነ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሙቀቱ ትንሽ መጣ፣ ሄደ። ፀሐዩ ግን አልተመለሰም። ጀውሃም አልመጣም፣ ሳንቃውም፣ ማሾውም። ቃሲም ያ ጥጋብ ናፈቀው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀው፣ እንደ ተቀየመ እንግዳ ሳይመለስ ቀረ። ነጭ ቧንቧ ውስጥ የተጋደመ፣ እጁ የሚቆጠቁጠው፣ ሃምሳ አንድ ኪሎ የሆነ ሰው ብቻ ነበር። መዶሻው መዶሻ ነው፤ ብርዱም ብርድ ነው። ድምፁን እያዳመጠ ነቅቶ ተኛ። እንዲህ ነቅቶ የዋለበትን ቀን ከቶ አላስታወሰም።

ውጤቱ ለሸዋሮቢቱ ሐኪም እንደሚላክ ነገሯቸውና ወጡ። ሄኖክ እስከ በሩ ሸኛቸው። ሙሉ ሄዳለች። የተሳፈሩበት ሚኒባስ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ሲጠመዘዝ ጉሙ ከበላያቸው ቀረ፤ በየጥምዝምዙ አየሩ እየለሰለሰ፣ ከታች የይፋት ቆላ በምሽቱ ብርሃን እንደ ውሃ ተንጣሎ ታየ። ሰው ሁሉ ካፖርቱንና ሹራቡን ማውለቅ ጀመረ። ቃሲምም ጋቢውን አወለቀ፣ ካፖርቱንም አወለቀ። ደብረ ሲና ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ኢብራሂም ገባ፤ ጀውሃ ላይ አብሮት እህል ይጭን የነበረ፣ አሁን የራሱ መጋዘን ያለው የድሮ ጓደኛው ነው። ቃሲምን ሲያይ ዓይኑ አንድ ጊዜ ፈጠጠ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቅ አለበሰው።

«ማሻአላህ ቃሲም! ወፍረሃል እኮ! ምን እየበላህ ነው?»

የሚኒባሱ ሰው ሁሉ ወደ ቃሲም ዞረ። ኑርሃን እጁን ጨበጠችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያልፍ ነበር፤ እንዲህ ሲባባሉ ነው የከረሙት፣ በመስጊዱ ደጅም፣ በገበያውም።

«ሃምሳ አንድ ኪሎ ነኝ፣ ኢብራሂም» አለ ቃሲም። «ዛሬ ተመዘንኩ። ወገቤን ታምሜያለሁ፤ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም።»

ሬዲዮው ብቻ ያወራል። ኢብራሂም ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ወደቀ። ከፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ተቀመጠና ሙሉ በሙሉ ወደኋላ ዞረ።

«እኔ እኮ...» አለ። «ሳይህ አፌ ላይ የሚመጣልኝ ሌላ ስለሌለ ነው። ቀብሬህ እየተመለስኩ ያለሁ ነው የሚመስለኝ፣ አላህ ይማረኝ። ምን ይባላል?»

«የምታየውን በለኝ።»

ኢብራሂም ለረጅም ጊዜ አየው። ዓይኑ ውሃ ሞላ። «ከስተሃል» አለው። «በጣም ከስተሃል፣ ወንድሜ።»

«አዎ።»

«ማሽላህን ማን ነው የሚያጭድልህ?»

«ማንም የለም። ቆሟል። ወፍ እየበላው ነው።»

«ልጆቹን ይዤ ጁምዓ ካለፈ በኋላ እመጣለሁ።» ይህን ሲል፣ አሻፈረኝ ይላል ብሎ ክርክሩን አዘጋጅቶ ነበር፤ ቃሲም በሕይወቱ ሙሉ የሰው እርዳታ አይወድም። ቃሲም ግን «ኑ» አለ። «ብቻዬን አልችለውም።»

ሸዋሮቢት ሲቃረቡ መሸ። ከሮቢ ወንዝ በኩል የሽንኩርትና የእርጥብ አፈር ሽታ በመስኮቱ ገባ። ሙቀቱ ከአራቱም አቅጣጫ መጥቶ ቀስ ብሎ ተኛበት፣ የቃሲም አንገትም ከእንቅልፍ ጋር መታገል አቃተው። ራሱን ከመስኮቱ መስታወት ጋር ሊያስደግፍ ሲል ኑርሃን ወደ ትከሻዋ ሳበችው። መጀመሪያ እንደ ልማዱ ራሱን አቅልሎ፣ በአንገቱ ተሸክሞ፣ እንዳይከብዳት ተጠንቅቆ አሳረፈ። ቀጥሎ ተወው። ራሱን ለቀቀ፣ ትከሻውን ለቀቀ፣ ጀርባውን ለቀቀ፤ ያለውን ሁሉ ጣለባት።

«ከበድኩሽ?» አላት ዓይኑን እንደጨፈነ።

ኑርሃን ትከሻዋን አስተካከለችለት።

«አዎ አባ» አለችው። «ከብደኸኛል። እንዳትነሣ።»